ቤቱ ሲያስተጋባ፣ የአዛውንቱ ድምፅ እንዳይጠፋ



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ቤተሰብ የሚቸገርበት፣ ነገር ግን መፍትሔው ከእጁ የማይርቅ ነገር ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ ድምፅ ስንቀርጽ የሚያስቸግረንን ማስተጋባትና ጫጫታ እንዴት እንደምንቀንስ ነው።

ዛሬ ድምፅ ለመቅረጽ ስቱዲዮ መከራየት ወይም ቴፕና ባዶ ካሴት መፈለግ ቀርቷል። በኪሳችን የያዝነው ስልክ ይቀርጻል። ልጆች ያጠኑትን ሱራ ቀርጸው ለኡስታዛቸው ይልካሉ፤ ወጣቶች መንዙማና ነሺዳ ይቀርጻሉ፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ምርቃት ተቀርጾ እንዲላክለት ይጠይቃል። ሆኖም የተቀረጸው ሲደመጥ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ቃሉ ከቃሉ ይደበላለቃል፤ ከኋላ ዶሮው፣ ቬንትሌተሩ፣ የመኪናው ጡሩንባ ጎልቶ ይሰማል። ብዙ ሰው «ስልኬ ደካማ ነው» ብሎ ይተወዋል። እውነቱ ግን በአብዛኛው ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን የክፍሉና የአቀማመጡ ነው።

ጉዳዩን ከአንድ ቦታ ጋር አያይዘን እንመልከተው።

ካራቆሬና የ1953ቱ ትዝታ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና አጣዬን አልፈን የምናገኛት የይፋት ቆላ ከተማ ካራቆሬ፣ ስሟ በዓለም የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ውስጥ ተመዝግቧል። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ማብቂያ ጀምሮ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታው። ከሁሉ የበረታው በሬክተር መለኪያ ከ6 በላይ የሚደርስ ነበር። ማጀቴ ክፉኛ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ብዙ ጉዳት ደረሰባት፤ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ አውራ ጎዳናውም ተጎዳ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ምርምር ማዕከልን የመሠረቱት ፒየር ጉዊን ይህን አደጋ አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው የተዘጋጀው በመሣሪያ ከተመዘገበው ሌላ ከዜና መዋዕል፣ ከመንገደኞች ማስታወሻና ካዩ ሰዎች ቃል ተሰብስቦ ነው።

ታዲያ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ሰባ አምስትን ይዟል። እናት ልጆቿን ይዛ የት እንደሸሸች፣ ሕዝቡ ስንት ሌሊት ሜዳ ላይ እንዳደረ፣ ከብቱ ምን እንዳደረገ፣ በየመስጊዱ ምን ዱዓ እንደተደረገ የሚያውቁት እነዚህ አዛውንቶች ናቸው። መሣሪያ የመንቀጥቀጡን ጉልበት ይመዘግባል፤ ሰው በዚያ ሌሊት እንዴት እንደኖረ ግን አይመዘግብም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥና ሕዝብ ከቀዬው ሲነሣ፣ «ቀድሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አባቶቻችን ምን አደረጉ?» የሚለው ጥያቄ የታሪክ ወዳድ ብቻ የሚያነሣው ጥያቄ አለመሆኑ ታይቷል።

በይፋትና በአካባቢው ያለው ቅርስ ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም። የአርጎባ ቋንቋ እንደ ሾንኬና ጦለሃ ባሉ መንደሮች ሲነገር፣ በሌሎች ብዙ ቦታዎች ግን አርጎባዎች አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆነዋል። ከአዛውንት ወደ ልጅ በቃል ብቻ የሚተላለፍ መንዙማ፣ ተረት፣ የዘር ሐረግ በየቤቱ አለ። እነዚህን በድምፅ ማስቀረት የሚችለው ከሩቅ የሚመጣ ተመራማሪ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ልጅ ይችላል። ነገር ግን ቀርጾ ያስቀመጠው ድምፅ የማይሰማ ከሆነ አዛውንቱ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለሆነም ነገሩን በወጉ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማስተጋባትና ጫጫታ አንድ አይደሉም

ብዙ ጊዜ ሁለቱ ችግሮች ይቀላቀላሉ። ማስተጋባት ማለት የራሳችን ድምፅ ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣሪያ ተመትቶ ሲመለስ ነው። ጫጫታ ማለት ደግሞ ከእኛ ሌላ የሆነ ድምፅ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ማስተጋባትን ይቀንሳል፤ የጭነት መኪናን ድምፅ ግን አያስቆምም። የተዘጋ መስኮት የውጭውን ጫጫታ ይቀንሳል፤ የክፍሉን ማስተጋባት ግን ያብሰዋል። ይህን ያልለየ ሰው ብዙ ደክሞ ጥቂት ያተርፋል።

በትምህርት ቤት እንደተማርነው ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ገደል ፊት ቆመን ስንጣራ ድምፃችን ተለይቶ የሚመለሰው ገደሉ ቢያንስ 17 ሜትር ያህል ስለሚርቅና ደርሶ መልሱ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ስለሚፈጅ ነው። በቤት ውስጥ ግን ግድግዳው 2 ሜትር ብቻ ይርቃል። ድምፁ ከሴኮንድ መቶኛ ብዙም ሳይበልጥ ይመለሳል፤ እንደገና ወደ ሌላው ግድግዳ ይሄዳል፤ እንደገና ይመለሳል። ጆሮ ይህን እንደ ተለየ ገደል ማሚቶ አይሰማውም፤ የተናገርነው ቃል ጅራት ያወጣና በሚቀጥለው ቃል ላይ ይተኛል።

«ታዲያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን ስንነጋገር ለምን አልታወቀንም?» ትሉ ይሆናል። አላህ የሰጠን ሁለት ጆሮና አእምሮ ተባብረው ድምፁ ከየት እንደመጣ ይለያሉ፤ የሚፈልጉትን ይይዛሉ፤ የቀረውን ችላ ይላሉ። ማይክራፎን ግን ሳይመርጥ ሁሉንም ይቀበላል። ስለዚህም ቤታችን እንደሚያስተጋባ የምናውቀው ከተቀረጸ በኋላ ነው።

ሌሊት ትራስ ያመላለሱት መምህር

እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ በሚገኘው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ በተሠራ አንድ የትምህርት አዳራሽ ውስጥ መምህሩ የሚናገረው አልሰማ አለ። ዋላስ ክሌመንት ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር መፍትሔ እንዲፈልግ ታዘዘ። የኦርጋን ዋሽንትና ሰዓት ይዞ ድምፁ ከተቋረጠ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ለካ። ባዶው አዳራሽ ድምፅን ከ5 ሴኮንድ በላይ ያቆይ ነበር። ማታ ማታ ከተማው ሲተኛ ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶች እያስጋዘ ያስገባ፣ ይለካ፣ ከመንጋቱ በፊት መልሶ ያስወጣ ጀመር። ትራሱ በበዛ ቁጥር ማስተጋባቱ ቀነሰ።

ከዚህ ልፋት የተገኘው ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ማስተጋባቱ ይረዝማል፤ ድምፅ የሚውጥ ነገር በበዛ ቁጥር ያጥራል። ሳቢን መለኪያ ያደረገው ክፍት መስኮትን ነበር፤ በክፍት መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና።

ይህን ወደ እኛ ቤት እናምጣው። ካራቆሬ ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሚደርስ፣ ግድግዳውና ወለሉ ሲሚንቶ የተለሰነ ክፍል አለ እንበል። ባዶውን ከሆነ እንዲህ ያለው ክፍል በግምት ድምፅን ለ3 ሴኮንድ ያህል ሊያቆይ ይችላል። ግድግዳው ላይ 3 ወፍራም ብርድ ልብሶች ብንሰቅል ወደ 1 ሴኮንድ ይወርዳል። አንድ የስፖንጅ ፍራሽ አቁመን ሦስት ሰዎች ቢቀመጡ ከዚያም በታች ይሆናል። የሰው ልጅ አካልና ልብሱ ራሱ ድምፅ ይውጣል። ሠርግ ላይ በሰው የተሞላ ድንኳንና ባዶ መጋዘን እኩል የማያስተጋቡት ለዚህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የድሮው ቤት በዚህ በኩል ከአዲሱ የተሻለ መሆኑን ነው። ሳር ክዳን ድምፅ ይውጣል፤ ሻካራ የጭቃ ግድግዳም ከተለሰነ ሲሚንቶ የተሻለ ነው። ብሎኬት፣ ሴራሚክ፣ መስታወትና ቆርቆሮ ግን ድምፅ መላሾች ናቸው። አዛውንቱ የሚኖሩበት ቤት አሮጌ ከሆነ «ወደ አዲሱ ቤት ይምጡና እንቅረጽዎ» አትበሏቸው፤ ባሉበት ይቅረጹ። ለእሳቸውም ይመቻል፤ ለድምፁም ይሻላል።

ክፍሉን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ በቤታችሁ ካሉት ክፍሎች ምረጡ። በየክፍሉ መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ በኃይል አጨብጭቡ። እንደ ብረት የሚጮህ ወይም የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከተከተለ ያ ክፍል ያስተጋባል። ጭብጨባው ወዲያው የሚሞትበት ክፍል ይመረጣል። ብዙውን ጊዜ ይህ የመኝታ ክፍል ነው፤ ፍራሽ፣ ልብስና መጋረጃ ስላለበት። እህል በጆንያ የተከመረበት ጓዳም መጥፎ አይደለም።

ቀጥሎ ወለሉን ምንጣፍ ወይም ስጋጃ አልብሱት። ከዚያ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ የምትሰቅሉት ከተናጋሪው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ነው። የሰው ድምፅ ወደ ፊት ይሄዳልና ቀድሞ የሚመታው ያንን ግድግዳ ነው። ሁለተኛው ከተናጋሪው ጀርባ፣ ሦስተኛው ደግሞ በጎን ይሰቀል። ብርድ ልብሱ ግድግዳው ላይ ከሚለጠፍ ይልቅ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ በገመድ ላይ ቢንጠለጠል የበለጠ ይሠራል፤ ከግድግዳው የራቀ ጨርቅ ወፈር ያለውንም ድምፅ ይይዛልና። ስስ ነጠላ ወይም ሻሽ ግን ብዙ አይጠቅምም። ወፍራምነትና ክብደት ያስፈልጋል።

የወንድ ጎርናና ድምፅ በብርድ ልብስ ብቻ አይያዝም። በክፍሉ ማዕዘን ላይ እየተጠራቀመ «ዱም ዱም» የሚለው እሱ ነው። ለዚህ የስፖንጅ ወይም የጥጥ ፍራሽ ማዕዘኑ ላይ ማቆም ይረዳል። ተናጋሪውንም ማዕዘን ውስጥ ወይም በትክክል የክፍሉ መሐል ላይ አታስቀምጡ፤ ከመሐል ትንሽ ወጣ ይበሉ።

ብዙ ወጣቶች የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ካርቶኑ ቀላልና ስስ ስለሆነ ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው፤ የውጭ ጫጫታ ማስቆም ደግሞ ፈጽሞ አይችልም። በቀላሉም በእሳት ይያያዛል። ያን ጉልበት ለብርድ ልብስ ብታውሉት ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። አንዳንዶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ይቀርጻሉ። ለወጣት ለጥቂት ደቂቃ ይሆን ይሆናል። በይፋት ቆላ ሙቀት አዛውንትን በብርድ ልብስ መሸፈን ግን የማይታሰብ ነው። ክፍሉን አልብሱ እንጂ ሰውየውን አታፍኑ።

ጫጫታውን መቀነስ

ጫጫታን ለማስቆም የሚሠራው ክብደት ያለው ነገርና ቀዳዳ መድፈን ነው። ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ከበሩ ሥር የአንድ ጣት ክፍተት ካለ ድምፅ በዚያ ይገባል። ከበሩ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አድርጉ፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ድፈኑ። ወደ አውራ ጎዳናው ከሚያየው ክፍል ይልቅ ወደ ጓሮ ያለውን ምረጡ።

ከውጭው የበለጠ የሚያስቸግረው ግን የቤቱ ውስጥ ጫጫታ ነው። ፍሪጅ፣ ቬንትሌተር፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ጆሯችን ስለለመዳቸው አንሰማቸውም፤ ማይክራፎኑ ግን ይሰማቸዋል። ለቀረጻው ጊዜ አጥፏቸው። ፍሪጁን መልሶ መክፈት እንዳይረሳ የቤቱን ቁልፍ ውስጡ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ቁልፉን ሲፈልጉ ፍሪጁን ያስታውሳሉ። ስልኩን ከቻርጀር ንቀሉ፤ ጥሪና መልእክት እንዳይገባም ኔትወርኩን ዝጉ። ኔትወርክ ክፍት ከሆነ ጥሪ ባይመጣም «ጥዝ ጥዝ» የሚል ድምፅ ቀረጻው ላይ ሊገባ ይችላል።

ሰዓትም ይመረጣል። ሌሊትና ንጋት ላይ ፀጥታ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን መሬት ቀዝቅዞ ከላይ ያለው አየር ሞቅ ሲል የሩቅ ድምፅ ወደ ምድር ይታጠፋል። የጭነት መኪናው ሞተር ከሩቅ ቁልቁለት የሚሰማው በዚያ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አለ። የየሰፈሩ ጠባይ ስለሚለያይ አንድ ቀን አስቀድማችሁ በተለያየ ሰዓት ሁለት ሁለት ደቂቃ ዝምታ ብቻ ቅረጹና አድምጡ። ልጆች ትምህርት ቤት የሚውሉበት ረፋድ ለብዙ ቤት ይመቻል። የገበያ ቀንን፣ የወፍጮ ቤቱን ሰዓትና የአዛንን ወቅት አስቡ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን መላ የለውም፤ ቀረጻውን አቁማችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

ቡና ካነሣን ዘንድ፣ አዛውንት ያለ ቡና ወግ አይጀምሩም። ይፈላ፤ ይጠጣ። ነገር ግን ረከቦቱ ከማይክራፎኑ ራቅ ይበል፤ ሲኒ ሲነካካ ቀረጻው ላይ እንደ ደወል ይሰማል። ሲኒው ጨርቅ ላይ ቢቀመጥ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው፣ ርቀቱ

እስካሁን ያልነውን ሁሉ ማድረግ ያልቻለ ቤተሰብ ይህን አንድ ነገር ቢያደርግ ግማሹን መንገድ ሄደ ማለት ነው። ማይክራፎኑን ማቅረብ ነው። ተናጋሪው ከማይክራፎኑ ሲርቅ የእሱ ድምፅ በፍጥነት ይዳከማል፤ ማስተጋባቱና ጫጫታው ግን በክፍሉ ውስጥ በሁሉም ቦታ እኩል ሊባል በሚችል መጠን አለ። ርቀቱን በግማሽ ስንቀንስ የተናጋሪው ድምፅ ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል። ከ1 ሜትር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ወደ አንድ ስንዝር ብናቀርበው 25 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ጫጫታው አልጨመረም፤ ድምፁ ግን ጨምሯል።

ስለዚህ ስልኩን ጠረጴዛው ማዶ አታስቀምጡ። ከአፍ ከአንድ እስከ ሁለት ስንዝር ባለ ርቀት፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብላችሁ አድርጉት። ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ»ና «በ» ሲባል የሚወጣው ትንፋሽ እንደ ነፋስ ይመታዋል። ስልኩን በበርጩማ ላይ በታጠፈ ጋቢ አስቀምጡት፤ በባዶ እንጨት ላይ ከሆነ የእጅ ንኪኪ ሁሉ ይገባል። በእጃችሁ ይዛችሁ አዛውንቱ አፍ ሥር አትደግኑ፤ ያሳፍራቸዋል። ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክራፎን ካላችሁ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ጋቢው ወይም ሒጃቡ እንዳይሸፍነውና እንዳይፈትገው ግን ተጠንቀቁ። ሙስበሃ የሚቆጥሩ ከሆነ አትከልክሏቸው፤ ማይክራፎኑን በሌላው እጅ በኩል አድርጉት።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቅረጹና በጆሮ ማዳመጫ አድምጡ። የስልኩን መቅረጫ ከፍተኛ ጥራት ላይ አድርጉ። ድምፅ የሚያሳየው መስመር ጫፉ እስኪነካ ከፍ ካለ ቃሉ ይሰነጠቃል፤ ይህ ደግሞ በኋላ አይስተካከልም። ትንሽ ዝቅ ያለ ቀረጻ ግን ኋላ ከፍ ሊደረግ ይችላል።

ቁርኣን ለሚቀራ ልጅ

ማስተጋባት ለወግ ከሚጎዳው ይልቅ ለተጅዊድ ይጎዳል። በተጅዊድ የመድ ልክ አለ፤ ሁለት ሐረካና አራት ሐረካ ይለያያሉ፤ ወቅፍ አለ፤ «ሲን»ና «ሷድ»፣ «ታ»ና «ጧ» መለየት አለባቸው። የሚያስተጋባ ክፍል አጭሩን ያስረዝማል፤ የቆመበትን ቦታ ይሞላዋል። ኡስታዙ ልጁ ተሳስቶ ይሁን ክፍሉ አሳስቶት መለየት አይችልም። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ ድምፁ እንዲያምር ሆን ብለው በስልካቸው «ኢኮ» ይጨምራሉ። ለማስተካከያ የሚላክ ቂርኣት ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ለነሺዳ ወይም ለመንዙማ ማስተጋባት ከተፈለገም ደረቁን ቀርጾ በኋላ መጨመር ይቻላል፤ አብሮ የተቀረጸውን መቀነስ ግን እጅግ ከባድ ነው።

ካራቆሬ በተናወጠችበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1961፣ ግብፅ ውስጥ የሼህ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉ የቁርኣን ቀረጻ ወጣ። ሙሉው ቁርኣን በሙረተል ንባብ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ነበር። ሐሳቡን ያመነጩት ለቢብ አስ-ሰዒድ ሲሆኑ ዓላማውም ትክክለኛው አቀራር በድምፅ እንዲጠበቅ ነበር። ያ ቀረጻ ዛሬም ለተማሪ መለኪያ የሆነው ፊደሉ ከነመኽረጁ፣ መዱ ከነልኩ ተለይቶ ስለሚሰማ ነው።

አደቡን አንርሳ

አዛውንትን ከመቅረጽ በፊት ፈቃዳቸውን መጠየቅ ግድ ነው። «አባባ፣ ይህን ለልጅ ልጆችዎ ልናስቀምጥ ነው፤ ይፈቅዱልናል?» ይባል። ማን እንዲሰማው እንደሚፈልጉም ይጠየቅ። ለቤተሰብ የፈቀዱት ለአገር ተፈቅዷል ማለት አይደለም። እናትን ወይም አያትን ሴት ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ብትቀርጽ በነፃነት ይናገራሉ።

ቀረጻው ሲጀመር ዕለቱን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናገሩ። ከዚያ ሁሉም ለአሥር ሴኮንድ ዝም ይበል፤ ይህ ዝምታ በኋላ ይጠቅማል። ጥያቄያችሁ የሚጨበጥ ይሁን። «ስለ መንቀጥቀጡ ይንገሩን» ከማለት ይልቅ «ያን ሌሊት ማን ቀሰቀሰዎ? ወዴት ወጣችሁ? ቤቱ ምን ሆነ?» ብትሉ ወጉ ይመጣል። ሲናገሩ «እህ፣ አዎ፣ አዎ» እያላችሁ አትደርቡባቸው፤ በራስ ንቅናቄ አድምጡ። ዝም ሲሉም አትቸኩሉ፤ ከዝምታው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ይመጣል። ሲደክሙ አቁሙ። ሃያ ሃያ ደቂቃ ለአምስት ቀን መቅረጽ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከማድከም ይሻላል።

ከቀረጻ በኋላ

በኮምፒውተር ላይ እንደ ኦዳሲቲ ያለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም የቬንትሌተርን ዓይነት የማይለዋወጥ ጫጫታ ሊቀንስ ይችላል። ቀድማችሁ የቀረጻችሁት አሥር ሴኮንድ ዝምታ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ፕሮግራሙ ከዚያ የጫጫታውን መልክ ይለያል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ሲቀነስ ድምፁ በውሃ ውስጥ የሚነገር ይመስላል። በመሆኑም ዋናውን ሳትነኩ በቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ።

አንድ ሰዓት ያልተጨመቀ ቀረጻ ወደ 320 ሜጋባይት ይይዛል፤ በኤምፒ3 ሲጨመቅ ወደ 60 ሜጋባይት ይወርዳል። ቦታ ካላችሁ ያልተጨመቀውን አስቀምጡ። ለዘመድ ስትልኩም በድምፅ መልእክት መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ።

ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ስልክ ይሰረቃል፤ ሚሞሪ ካርድ ይበላሻል፤ ቤትም ይቃጠላል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ በደረሰባቸው ቃጠሎ ንብረቱን ያጣው ሕዝብ የአባቱን ፎቶግራፍ፣ የሠርጉን ካሴት፣ የመሬቱን ወረቀት አብሮ ያጣ ነው። ይህን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ምክር አያስፈልገውም። አንዱ ቅጂ ካራቆሬ ካለ ሌላው አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ባለ ልጅ እጅ ይሁን። በፋይሉም ላይ ስምና ቀን ጻፉበት፤ ከዓመታት በኋላ «የማን ድምፅ ነው?» እንዳይባል።

እ.ኤ.አ. በ1899 ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት የድምፅ መልእክት በሰም ሲሊንደር ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ለንደን ውስጥ ይገኛል። ብዙ ጭረት አለበት፤ ቢሆንም ይደመጣል። ያ ድምፅ የቀረው መሣሪያው ያማረ ስለነበረ አይደለም። ቀረቤታ ባለው ቀንድ ውስጥ ስለተነገረና ሰዎች ጠብቀው ስላኖሩት ነው። የእኛ ስልክ ከዚያ መሣሪያ እጅግ ይበልጣል። የጎደለን አንድ ስንዝር መቅረብ፣ ሦስት ብርድ ልብስ መስቀልና አንድ ረፋድ መለየት ነው።

ይህ እትም በእጃችሁ በገባበት ወር ውስጥ ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ አንድ አዛውንት ምረጡ፤ አንዲት ሃያ ደቂቃ ቅረጹ። የ1953ቱን መንቀጥቀጥ ያዩ ከሆኑ እሱን፣ ካላዩም የልጅነታቸውን ቀዬ ይጠየቁ። ለወላጆቻችንና ለአዛውንቶቻችን አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።